የጓሳ ሣር ለምን አላለቀም?

እስቲ ቀና ብላችሁ ጣሪያችሁን ተመልከቱ። ጣሪያው የሣር ከሆነ አንድ ጥያቄ እናቅርብላችሁ። ሣሩ ከየት መጣ? አባቶቻችሁ ቤት ሲሠሩ ሣር የሚያጭዱት ከቅርብ ነበር ወይስ ከሩቅ? ዛሬስ?

በብዙ አገር መልሱ አንድ ዓይነት ነው። «ድሮ ከደጃችን እናጭድ ነበር። ዛሬ በገንዘብ እንገዛለን» ይባላል። ወይም ደግሞ «ሣሩ ስለ ጠፋ ቆርቆሮ ገዛን» ይባላል። ሣሩ የጠፋው በአንድ ቀን አይደለም። ትንሽ በትንሽ ነው። አንዱ ያጭዳል፣ ሌላው ከብት ይለቅበታል፣ ሦስተኛው ያርሰዋል። ከዚያ በኋላ ጋራው ራቁቱን ይቀራል።

ሣሩ ያላለቀበት አንድ ደጋ ግን አለ። ስሙ ጓሳ ይባላል። የሚገኘው በሰሜን ሸዋ፣ በመንዝ ነው። የመንዝ ገበሬ 400 ዓመት ለሚሆን ጊዜ ከዚህ ደጋ ሣር ሲያጭድ፣ ከብቱንም ሲያሰማራ ኖሯል። ሣሩ ግን ዛሬም አለ። እንዴት ሊሆን ቻለ? አሁን የምናየው ይህንን ነው።

ጓሳ የት ነው? ምንስ ይመስላል?

ከአዲስ አበባ ተነስተን ወደ ሰሜን ምሥራቅ 260 ኪሎ ሜትር ያህል እንጓዛለን። ደብረ ብርሃንን እናልፋለን። ከጣርማ በር ወደ መሐል ሜዳ የሚወስደውን መንገድ እንይዛለን። መሐል ሜዳ ከመድረሳችን በፊት ጓሳን እናገኛለን።

ቦታው ከፍተኛ ነው። ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ይደርሳል። ስፋቱ ወደ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ይህ በሄክታር ሲቆጠር 10,000 ሄክታር ነው። በድሮው መለኪያ ደግሞ አንድ ጋሻ 40 ሄክታር ስለሆነ 250 ጋሻ መሬት ማለት ነው።

በጓሳ ላይ ዛፍ ብዙ አይታይም። ዓይን እስከሚያይ ድረስ ሣር የለበሰ ጉብታ ነው። ከአንዱ ጉብታ ጀርባ ሌላ ጉብታ ይነሳል። በመካከሉ ረግረግ አለ። እዚህም እዚያም ጅባራ ቆሟል። አስታና ጨረንፌ የሚባሉ ቁጥቋጦዎችም አሉ። ጠዋት ጉም ይወርዳል። በበጋ ሌሊት ውርጭ ይመታል። ውሃው ላዩ ይረጋል። ነፋሱ ጋቢ ያስደርባል።

በምሥራቅ በኩል መሬቱ ድንገት ይቆረጣል። ገደል ነው። ከገደሉ ሥር ቆላው ይታያል። ከዚህ ወደ ምሥራቅ የሚወርደው ውሃ ወደ አዋሽ ይሄዳል። ወደ ምዕራብ የሚወርደው ደግሞ ከጀማ ወንዝ ጋር ተቀላቅሎ ወደ ዓባይ ይገባል። እንግዲህ አስቡት። በአንድ ጉብታ ላይ የወረደ ዝናብ ግማሹ ወደ አፋር በረሃ፣ ግማሹ ወደ ዓባይ ይሄዳል ማለት ነው።

ሣሩ ለምን ይጠቅማል?

ቦታው ስሙን ያገኘው ከሣሩ ነው። ጓሳ የሣር ስም ነው። ጓሳ እንደ ሰርዶ በመሬት ላይ አይሳብም። ብዙ ቀጫጭን ቅጠል ከአንድ ሥር በአንድነት ይወጣል። እንደ እቅፍ ሆኖ ይቆማል። ቅጠሉ ጠንካራ ነው።

የመንዝ ገበሬ ጓሳን ለብዙ ሥራ ያውለዋል።

አንደኛ፣ ቤት ይከድንበታል። የጓሳ ክዳን ዝናብ አያስገባም፣ ብርድም ይከላከላል።

ሁለተኛ፣ ገመድ ይገምድበታል። ጭነት ያስርበታል።

ሦስተኛ፣ ገሳ ይሠራበታል። ገሳ እረኛ በክረምት የሚለብሰው የዝናብ ልብስ ነው።

አራተኛ፣ ለከብት መኖ ይሆናል። በተለይ በድርቅ ጊዜ፣ በቆላና በወይና ደጋ ሣር ሲጠፋ፣ ጓሳ የከብት ማትረፊያ ነው።

አምስተኛ፣ ሣሩን ገበያ አውጥቶ ይሸጣል። ከዚያ ጨው ይገዛል፣ የልጅ ደብተር ይገዛል።

መንዝ ብርድ የበዛበት አገር ነው። የሚበቅለው በአብዛኛው ገብስና ባቄላ ነው። ውርጭ ሲመታ ገብሱም ይቀራል። በዚህ ጊዜ ገበሬውን የሚያኖረው በጉ ነው። የመንዝ በግ ጠጉሩ ባና ይሆናል፣ ሥጋው ገንዘብ ይሆናል። በጉን የሚያኖረው ደግሞ ሣሩ ነው። ስለዚህ በመንዝ ሣር ጠፋ ማለት ቤት ጠፋ፣ በግ ጠፋ፣ ልብስ ጠፋ ማለት ነው።

ሣርና ውሃ ምን ያገናኛቸዋል?

ይህን በቃል ከማስረዳት በሥራ ማየት ይሻላል። ሁለት ጣሳ ውሃ ውሰዱ። ወደ አንድ ዳገት ሂዱ። አንዱን ጣሳ ራቁቱን በቀረ መሬት ላይ አፍስሱ። ምን ታያላችሁ? ውሃው ወዲያው ይወርዳል። ቀለሙ ይደፈርሳል። አፈሩን ይዞ ሄደ ማለት ነው። ሁለተኛውን ጣሳ ሣር በለበሰ መሬት ላይ አፍስሱ። ውሃው ቶሎ አይሮጥም። በሣሩ መካከል ይቆማል። ቀስ እያለ ወደ መሬት ይሰርጋል። የሚወርደውም ትንሽ ነው፣ ጥሩ ነው።

በጓሳም የሚሆነው ይኸው ነው። የክረምቱ ዝናብ ሲወርድ እቅፍ እቅፉ ሣር የጠብታውን ኃይል ይሰብረዋል። ሥሩ አፈሩን አጥብቆ ይይዛል። ውሃው ወደ መሬት ይገባል። ረግረጉ ደግሞ ውሃውን እንደ ጋን ያጠራቅማል። ከዚያ በበጋ፣ ዝናብ በሌለበት ጊዜ፣ ያ ውሃ ጥቂት ጥቂት እያለ በምንጭ በኩል ይወጣል። በታች ያለው ገበሬ የሚጠጣውና በመስኖ የሚያለማበት ውሃ ከላይ ሣሩ ያስቀመጠለት ነው።

ሣሩ ቢጠፋስ? ክረምት ሲሆን ጎርፍ ይመጣል። በጋ ሲሆን ምንጩ ይደርቃል። አፈሩም ከማሳው ጋር ተጠርጎ ይሄዳል። «የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» የሚባለው እንዲህ ያለ ነገር ሲደርስ ነው።

በሣሩ ውስጥ የሚኖሩት እነማን ናቸው?

ጓሳ የሰውና የከብት ብቻ አይደለም። ጭላዳ ዝንጀሮ በመንጋ ይሰማራበታል። ጭላዳ ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር በዱር አይገኝም። ዋና ምግቡ ሣር ነው። እንደ በግ ቁጭ ብሎ ሣር ይነጫል። በበጋ ደግሞ ሥር እየቆፈረ ይበላል።

ሌላው ቀይ ቀበሮ ነው። ቀይ ቀበሮም የሚገኘው በኢትዮጵያ ብቻ ነው። በአገሪቱ ሁሉ ያለው ቢቆጠር ወደ 500 ገደማ ብቻ ነው። ብዙ ሰው ቀይ ቀበሮን የበግ ጠላት አድርጎ ያየዋል። አልፎ አልፎ ግልገል ሊነካ ይችላል። ነገር ግን ዋና ምግቡ በሣሩ ውስጥ የሚኖረው አይጥና ፍልፈል ነው። አይጥና ፍልፈል ደግሞ የማን ጠላት እንደሆኑ ገበሬ ያውቃል።

በጓሳ ተመራማሪዎች አንድ የሚያስደንቅ ነገር አይተዋል። ቀይ ቀበሮ በጭላዳ መንጋ መካከል ይሄዳል። ጭላዳው አይሸሽም። ቀበሮውም የጭላዳን ልጅ አይነካም። ለምን? ቀበሮው ብቻውን አይጥ ሲያድን ከ100 ሙከራ የሚሳካለት 25 ያህሉ ነው። በጭላዳ መካከል ሆኖ ሲያድን ግን 67 ያህሉ ይሳካለታል። ይህ ጥናት በ2007 ዓ.ም. ታትሟል። ምናልባት ጭላዳዎቹ ሲንቀሳቀሱ አይጡ ከጉድጓዱ ስለሚወጣ፣ ወይም ቀበሮው በመንጋው ስለሚሸፈን ይሆናል ተብሎ ይገመታል። ብቻ አንዱ ያለ አንዱ እንደማይኖር ከዚህ እንረዳለን። ሣሩ ከጠፋ አይጡ ይጠፋል። አይጡ ከጠፋ ቀበሮው ይጠፋል። ጭላዳውም ይራባል፣ ተርቦም ወደ ገብስ ማሳ ይወርዳል።

የጥንቱ ሕግ፦ ቄሮ

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እንመለስ። ሣሩ ለምን አላለቀም? ምክንያቱ ሕግ ስለነበረው ነው። ሕጉ ቄሮ ይባል ነበር።

ሽማግሌዎች ሲያወጉ፣ ቦታውን መጀመሪያ ያቀኑት አስቦና ጌራ የሚባሉ ሁለት አባቶች ናቸው ይላሉ። ድንበራቸውን የለዩት በፈረስ ግልቢያ ነው ይባላል። የአስቦ ፈረስ ቶሎ ወደቀ፣ የጌራ ፈረስ ግን ርቆ ሄደ። ስለዚህ ጌራ ሰፊውን ያዘ ይባላል። ከዚያ ወዲህ ጓሳን የመጠቀም መብት የእነዚህ አባቶች ዘር ሆነ። መሬቱም አጽመ ርስት ተባለ።

ከአስቦ ወገን አንድ፣ ከጌራ ወገን አንድ አለቃ ይመረጣል። አለቃው አባ ቄራ ወይም አፈሮ ይባላል። የሚመርጠው ተጠቃሚው ሕዝብ ነው። ሕጉ እንዲህ ነበር።

ሣሩ በደንብ እንዲያድግ ጓሳ ይዘጋል። የሚዘጋው ለአንድ ወር ወይም ለሁለት ወር አይደለም። እስከ ሦስት ዓመት፣ አንዳንዴም እስከ አምስት ዓመት ነው። በዚህ ጊዜ ማጨድ የለም። ከብት ማሰማራት የለም። እንጨት መልቀም የለም።

ሣሩ ሲደርስ አባ ቄራው የሚከፈትበትን ቀን ያስታውቃል። ወሬው በቤተ ክርስቲያን፣ በገበያና በለቅሶ ላይ ይነገራል። የሚከፈተው በበጋ ነው። ሁሉም በአንድ ቀን ይወጣል። ቀድሞ የሚገባ የለም። መጀመሪያ ሣሩ ይታጨዳል። ቀጥሎ ከብት ይገባል። ክረምቱ ሲገባ፣ በሐምሌ የሐዋርያት በዓል ሲደርስ፣ ከብቱ ይወጣል። ጓሳም እንደገና ይዘጋል።

ጥበቃው የሁሉም ግዴታ ነበር። አቅም ያለው ወንድ ሁሉ በተራው ይጠብቃል። ተራውን ያልጠበቀና ሕጉን የጣሰ ሰው ቅጣቱ ከባድ ነበር። ቤቱ እስከ መቃጠል ይደርስ ነበር።

አንድ ወጣት ሽማግሌውን እንዲህ ብሎ ቢጠይቅ አይገርምም።

«አባባ፣ ሣሩ ዓይናችን እያየ ለምን እንከለከላለን?»

«ልጄ፣ የምትከለከለው ሣሩ እንዲኖርህ ነው። ዘሩን የበላ ገበሬ ምን ይዘራል?»

መዝጋቱ ለምን ጠቀመ?

ጓሳ ብርድ ባለበት ስለሚበቅል ቶሎ አያድግም። ዛሬ የታጨደ እቅፍ ነገ አይሞላም። ዕረፍት ይፈልጋል። ዕረፍት ካገኘ ሥሩ ይጠነክራል፣ ቅጠሉ ይረዝማል፣ ዘርም ይጥላል። በየዓመቱ ከታጨደና ከብት ከረገጠው ግን እቅፉ ይሳሳል። በመጨረሻ ይሞታል። በቦታው ቁጥቋጦ ወይም ባዶ አፈር ይተካል።

እስቲ እናስላ። 100 አባወራ አለ እንበል። እያንዳንዱ በቀን አንድ ሸክም ብቻ ቢያጭድ በቀን 100 ሸክም ነው። በወር 3,000 ሸክም ይሆናል። «እኔ አንድ ሸክም ባነሳ ምን ይጎዳል?» የሚለው ሁሉም ነው። የሚጎዳው ግን ሲደመር ነው።

ሕጉ ሲፈርስ ምን ሆነ?

ቄሮ ጥሩ ጎን ነበረው። ጉድለትም ነበረው። የአስቦና የጌራ ዘር ያልሆነ ሰው በጓሳ መብት አልነበረውም። ሣር ለማግኘት የሌላ ሰው ደጅ ይጠና ነበር። ሕጉም የቆመው በርስት ላይ ነበር።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ እንዲሆን ታወጀ። ርስት ቀረ። መሬት ያልነበረው ሰው መሬት አገኘ። በጓሳም ዙሪያ ያለው ገበሬ ሁሉ፣ ዘሩ ሳይጠየቅ፣ ተጠቃሚ ሆነ። ይህ ትልቅ ነገር ነበር። ነገር ግን ከርስቱ ጋር ቄሮም አብሮ ወደቀ። አባ ቄራው ሥልጣን አጣ። መብቱ ለሁሉ ተዳረሰ፣ ጥበቃው ግን ባለቤት አጣ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ለመገመት አይከብድም። የሚዘጋበት ቀን ቀረ። አንዱ ሌሊት ሄዶ ያጭዳል። ሌላው «እሱ ካጨደ እኔስ?» ብሎ ይከተላል። ከብት ዓመቱን ሙሉ ይገባል። ጨረንፌው ለማገዶ ይቆረጣል። ዳሩም እየታረሰ ሄደ። ሣሩ አጠረ፣ ሳሳ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። ሣሩን የጎዳው ድሃው ሰው መብት ማግኘቱ አይደለም። ሣሩን የጎዳው መብት ያለ ግዴታ መቅረቱ ነው።

እንደገና እንዴት ተነሳ?

የመንዝ ገበሬ ነገሩን ዝም ብሎ አላየም። ሽማግሌዎች የድሮውን ሕግ ያስታውሳሉ። ስለዚህ ተሰባስበው መከሩ። ለአዲሱ ሕግ ምሳሌ የሆናቸው ሁላችንም የምናውቀው እድር ነው። በእድር የማን ዘር ነህ አይባልም። መዋጮህን ከከፈልህ፣ ተራህን ከሠራህ አባል ነህ። በገበሬ ማኅበራቱ በኩልም የጓሳ መተዳደሪያ ደንብ ወጣ። የገበሬ ማኅበር ይባል የነበረው ዛሬ ቀበሌ ነው።

ከጊዜ በኋላ የዱር አራዊት ባለሙያዎች መጥተው ከገበሬው ጋር አጠኑ። ከየቀበሌው የተመረጡ ሰዎች ያሉበት የጓሳ ኮሚቴም ቆመ። ከዚያው ከኅብረተሰቡ የወጡ ጠባቂዎች ተመደቡ። በ2004 ዓ.ም. የአማራ ክልል መንግሥት ጓሳን በኅብረተሰቡ የሚጠበቅ ቦታ አድርጎ በደንብ አጸደቀው። በቦታውም ላይ የኅብረተሰቡ የሆነ የእንግዳ ማረፊያ ተሠርቷል። ጭላዳና ቀይ ቀበሮ ለማየት የሚመጣ እንግዳ ያድርበታል።

አዲሱ ሕግ ከጥንቱ የሚለየው በሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ መብቱ በዘር አይደለም። ሁለተኛ፣ ቅጣቱ ቤት ማቃጠል አይደለም። የማይለየው በአንድ ነገር ነው። የሚዘጋ ጊዜ አለ፣ የሚከፈት ጊዜ አለ፣ ሁሉም ያከብረዋል።

እኛስ ከዚህ ምን እንማር?

በየአገራችሁ ጓሳን የሚያህል ደጋ ላይኖር ይችላል። ግን አንድ ጋራ፣ አንድ ዳገት፣ አንድ የጋራ ግጦሽ አይጠፋም። እሱን ለማዳን የሚከተለውን አስቡ።

1ኛ. ተጠቃሚው ማን እንደሆነ በስም ይታወቅ። የሁሉም ነው እየተባለ የማንም ያልሆነ ጋራ ብዙ ነው።

2ኛ. የሚዘጋበትና የሚከፈትበት ቀን በስብሰባ ይቆረጥ። ቀኑም ማንበብ ለሚችል በጽሑፍ፣ ለማይችል በቃል ይነገር።

3ኛ. ጥበቃው በተራ ይሁን። የተረኞች ስም ይጻፍ። ዛሬ መጻፍ የምትችሉ ስለሆናችሁ መዝገቡን ራሳችሁ ያዙ።

4ኛ. ቅጣቱ ሁሉም የሚችለው፣ ሁሉንም እኩል የሚይዝ ይሁን። የሊቀ መንበሩ በሬ ቢገባም ይቀጣ። ሕጉ ለአንድ ሰው ከላላ ለሁሉም ላልቷል።

5ኛ. ችግረኛው አይረሳ። አቅም የሌላት መበለት ሣሩ ሲከፈት ድርሻዋ በሰው ይታጨድላት። በተዘጋበት ጊዜ የሚጎዳ ሰው ካለ ሕጉን ሌሊት ያፈርሰዋል።

6ኛ. ሲታጨድ በማጭድ ይታጨድ እንጂ ከሥሩ አይነቀል። ሥሩ ከቀረ ሣሩ ይመለሳል።

7ኛ. ውሻችሁ ወደ ዱር አይከተላችሁ። የውሻ በሽታ ቀይ ቀበሮን ይጨርሳል። የእብድ ውሻ በሽታ ደግሞ ለእናንተም ለከብታችሁም ሞት ነው። ክትባት ሲመጣ ውሻችሁን አስከትቡ።

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባላል። ጋራን መጠበቅም እንዲሁ ነው። አንድ ሰው ብቻውን ጋራ ሊጠብቅ አይችልም። መንደሩ ሁሉ በተራ ከጠበቀው ግን ለአንድ ሰው የሚደርሰው በዓመት ጥቂት ቀን ነው።

የመንዝ ሰው ይህን 400 ዓመት ያህል አውቆታል። ለጥቂት ዓመታት ሲተወው ሣሩ ከዳው። ሲመለስበት ሣሩም ተመለሰለት።

በቡድን ሆናችሁ ተወያዩ

1. በአካባቢያችሁ ድሮ ሣር የነበረበት፣ ዛሬ ግን ባዶ የሆነ ጋራ አለ? ስሙ ማን ይባላል? ሣሩ መቼ ጠፋ?

2. ከዚያ ጋራ ሥር የነበረው ምንጭ በበጋ ይፈስ ነበር? ዛሬስ? ሽማግሌዎችን ጠይቁና መልሱን ጻፉ።

3. በጥንቱ ቄሮ ውስጥ ጥሩው ነገር ምን ነበር? መጥፎውስ?

4. ጋራችሁን ዛሬ ብትዘጉ ማን ይጎዳል? እሱን እንዴት ትረዱታላችሁ?

5. 60 አባወራ ባለበት መንደር በየቀኑ 2 ሰው በተራ ቢጠብቅ ለአንድ አባወራ ተራው በስንት ቀን ይደርሰዋል? አስሉና ለጎረቤታችሁ አሳዩ።